የጂንካው ናኩዳ

የወንድሜን ሞት ያረዳኝ ካሳ ነው። ስልኩን አንሥቼ «ሄሎ» ስል ድምፅ የለም፤ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ካሳ ሳይጮህ መናገር የማያውቅ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ እሱ መሆኑን አላወቅሁም። ቆይቶ «ና» አለኝ።

«ወዴት?» አልኩት።

«ና በቃ። ጋሽ ጴጥሮስ…» ብሎ ዝም አለ።

ሰው ስም ጠርቶ ሲያቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ይገባል። ወይጦ ነበርኩ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ የመጣውን የመጀመሪያ ሚኒባስ ይዤ ወደ ጂንካ ወጣሁ።

ጋሼን የወሰደው ስኳር ነው። ቀስ እያለ ነው የበላው፤ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ዓይኑን፣ በኋላ ኩላሊቱን። ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። እሱም ስለ ሕመሙ ማውራት አይወድም ነበር።

የቀብሩ ቀን ድንኳኑ በመናኸሪያ ሰውና በቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቷል። አንድ አይሱዙ መጥቶ ከበራችን ፊት ቆመና ከላዩ ሰው መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ አያልቅም። ዳሰነች ናቸው። ሽማግሌዎቹ በርኮታቸውን፣ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን፣ በእጃቸው አንጠልጥለዋል፤ ሴቶቹ ሕፃናት አዝለዋል። ከኦሞራቴ ድረስ በጭነት መኪና ተሳፍረው ነው የመጡት። ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ ስላልበቃ ሽማግሌዎቹ በርኮታቸውን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አድርገው ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «እነዚህ በየት በኩል ነው የምትዛመዷቸው?» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ልቅሶ ቀደመኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አይቻልም። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያልመለስኩትን ለመመለስ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ለሱቆች ዕቃ የማስረክብ ሰው ነኝ። መጻፍ ሥራዬ አይደለም። ቢደናቀፍብኝ ታገሡኝ።

ጋሽ ጴጥሮስ የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ልጅ ነው፤ እኔ የሁለተኛዋ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። እኔ ስወለድ እሱ ባሕር አይቶ፣ ባሕር ጠግቦ ተመልሶ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ይባል እንጂ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ «ጋሼ» ብዬ ነው የምጠራው።

አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲሄድ እግሮቹን ከፈት አድርጎ የሚራመድ ሰው ነበር። መሬቱ አሁን አሁን ከሥሩ ያዘነብላል ብሎ የሚጠረጥር ይመስል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሽቅብ ይቀስራል። ከዚያ «ዛሬ ከባኮ በኩል ነው» ይላል። ነፋሱን ማለቱ ነው። ለአይሱዙ ሹፌር የነፋሱ አቅጣጫ ምን ይጠቅመዋል? ምንም። ሚስቱ እትዬ አበበች «ነዳጅ አለው ወይ ብለህ ብታይ ይሻልህ ነበር» ትለዋለች። እሱም «ነዳጅ ያልቃል፤ ነፋስ አልቆ ያውቃል?» ይላታል።

ወጣትነቱን በባሕር ኃይል ነው ያሳለፈው። ከአሪ ገጠር ወጥቶ፣ ከወንዝ ሌላ ውሃ ሳያይ፣ ቀይ ባሕር ላይ ተጣለ። ጂንካ ከተመለሰ በኋላም ባሕሩ ከአፉ አልጠፋም። ክረምት ላይ መናኸሪያው ጭቃ ሲሆን ተራ አስከባሪዎቹ ከሩቅ ይጠብቁታል።

«አድሚራል! ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?»

«ዋና ለማይችል እንዳንተ ላለው ያሰጋል!»

«ኖህ ሆይ፣ መርከቡን ሸጠህ ነው አይሱዙ የገዛኸው?»

«መርከቡንስ አልሸጥኩትም፤ የተረፉትን እንስሳት ግን ይኸው መናኸሪያ አሰማርቻቸዋለሁ!»

ይስቃሉ፤ ይስቃል። አድሚራል ቢሉት፣ ኖህ ቢሉት አይከፋውም። የሚያስቆጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ናኩዳ።

ቃሉን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መንግሥት ሲፈርስ ጋሼ አሰብ ነበር። ሰው ሁሉ ያገኘው ነገር ላይ ዘለለ። መርከብ ያገኘ በመርከብ፣ መኪና ያገኘ በመኪና። ጋሼ የደረሰው ሳምቡክ ላይ ነው። ሳምቡክ የቀይ ባሕር የእንጨት መርከብ ነው። ይህኛው ሞተር ቢኖረውም ናፍጣ አልነበረውም፤ የተነሣው በሸራ ብቻ ነው። ከሚችለው በላይ ሰው ጭኗል። የሚመራው ጥርስ የሌለው የአፋር ሽማግሌ ነው። መርከበኞቹ «ናኩዳ» ይሉታል። ወታደሩ ሲያለቅስ፣ ሲሳደብ፣ አንዱ መሣሪያ ሲያቀባብል፣ ሽማግሌው ቀና ብሎም አላያቸው። ሸራውን ብቻ ነው የሚያየው። የመን ዳርቻ አደረሳቸው። ጋሼ ይህን ታሪክ ጀምሮ ሲጨርስ አፋችንን ከፍተን ነው የምንሰማው። አንድ ቀን ካሳ፣ የመኪናው ጫኝና ሸራ አሳሪ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንተም ናኩዳ ነህ!» አለው። ጋሼ ፊቱ ተለወጠ።

«አድሚራል በለኝ፣ ኖህ በለኝ። እሷን ግን አትንካ።»

«ምን አልኩ? ማቆላመጤ እኮ ነው!»

«አትንካ አልኩህ፣ ካሳ።»

ምሳ የምንበላበት ቤት የሚመጣ ዮናስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ታሪክ የሚያስተምር፣ የሰው ወሬ በደንብ የሚሰማ ሰው ነው። ይህቺን ቃል ሰምቶ ሄደ። በሌላ ጊዜ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «ጋሽ ጴጥሮስ፣ አገኘኋት!» አለ።

«ማንን? ሚስት?»

«ቃሏን! ናኩዳን! የአረብ ቃል አይደለችም። የፋርስ ናት። ሁለት ቃል ናት። ናው ማለት መርከብ ነው፤ ኩዳ ማለት ደግሞ ጌታ። የመርከብ ጌታ ማለት ነው። ከፋርስ ወደ አረብ፣ ከአረብ ወደ ሕንድ፣ ወደ ዛንዚባር፣ ነፋስ በሄደበት ሁሉ ሄዳለች። የሸራ መርከብ አዛዥ በዚያ ባሕር ዙሪያ ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው። ይኸው በእርስዎ አፍ ተሳፍራ ጂንካ ደረሰች።»

ጋሼ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «ጌታ?» አለ።

«ጌታ። ፋርሶች እግዚአብሔርንም በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት።»

ከጎናችን የነበረው ወንጌላዊ ይህን ሲሰማ «ጌታ አንድ ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

«ታዲያስ!» አለ ጋሼ። «ለዚህ እኮ ነው ካሳን፣ እሷን አትንካ ያልኩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመምህር ዮናስ እንዲህ አለው። «መርከቡ የሽማግሌው አልነበረም። ባለቤቱ አንድ ነጋዴ ነው። ሽማግሌው ጌታ የሆነው ከወደብ እስከ ወደብ ብቻ ነው። ከወደብ እስከ ወደብ ግን በውስጡ ያለነው ነፍስ ሁሉ የሱ ነበር። ናኩዳ የሰው ነፍስ ተረክቦ የሚያደርስ ነው። እኔ የማደርሰው ሽንኩርት ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሱ ግን ጉርሻውን ዋጠና «የበሰበሰ ሽንኩርት ነው ደግሞ፤ ካሳ ሸራውን እያላላብኝ!» አለ። ካሳ ጮኸ። «እኔ? ሸራ ማላላት? በኔ ሸራ ሥር አንዲት ፍሬ ጤፍ ረጥባ ታውቃለች?» ሁላችንም ሳቅን። እውነቱን ለመናገር በጂንካ መናኸሪያ እንደ ካሳ ሸራ የሚያስር አልነበረም። እሱ ያሰረው ሸራ ከበሮ ይመስላል፤ በጣት ቢመቱት ድም ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኦሞ ሞላ። ሞልቶ አልቆመም፤ ከዳርቻው ወጥቶ የዳሰነችን መንደሮች እየዋጠ ሄደ። ከአሪ ደጋ ቀርከሃ፣ ከጂንካ እህል ጭነን ኦሞራቴ እንድናደርስ ተጠየቅን። ቀርከሃው ለተፈናቃዮች መጠለያ ነው። ጋሼ ነዳ፤ ካሳ ከላይ፤ እኔ ዕቃ አስረካቢ ሆኜ ጋቢና ውስጥ። በቀይ አፈር፣ በዲመካ፣ በቱርሚ አድርገን ወረድን።

ኦሞራቴ ስንደርስ የማየውን ማመን አቃተኝ። ወንዙ ወንዝ አይመስልም። ቡናማ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ይሄዳል። ዛፍ ከነሥሩ፣ የጎጆ ጣራ፣ የሞተ ፍየል ተሸክሞ በስተደቡብ ወደሚገባበት ሐይቅ ይሄዳል። ሰው ከፍ ባለው ዳር ተሰብስቦ ይመለከታል። አንዲት የሞተር ጀልባ ዳር ላይ ተጋድማለች። በዋዜማው ተንሳፋፊ ግንድ መቷት የሞተሯ ውልብልቢት ተሰብሮ ነው።

አቺ የሚባል ቀጭን የታንኳ ሰው እዚያ ነበር። ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ ታንኳ አለው። ሚስቱ፣ ልጆቹና አባቱ ከመንደራቸው ሰው ጋር ወንዙ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል አንድ ጉብታ ላይ ቀርተዋል። እሱ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ፣ በዋና እያለ ወጥቷል፤ አሁን ያ መንገድም ተዘግቷል። አማርኛው አጭር አጭር ነው።

«ጉብታ አነሰ» አለ ለጋሼ። «ትናንት ትልቅ ነበር። ዛሬ ትንሽ ነው። ነገ…» እጁን አገላበጠ።

«በታንኳ አትወርድም?» አለው ጋሼ።

«መውረድ ቀላል ነው። ውሃ ራሱ ይወስዳል። መውጣት የለም። ልጅ ጭነህ፣ ሴት ጭነህ፣ በመቅዘፊያ ወደ ላይ? የለም። ውሃ ሐይቅ ያስገባሃል።»

ጋሼ ጣቱን አርሶ ቀሰረ። እኔና ካሳ ተያየን፤ በዚህ ሰዓት እንኳ አይተውም ብለን። ጋሼ ግን አቺን ማፋጠጥ ጀመረ።

«ይሄ ነፋስ ሁልጊዜ አለ?»

«ጠዋት ብዙ አለ። ፀሐይ መሃል ስትሆን ይተኛል። ወደ ማታ ትንሽ ይነቃል።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሐይቅ።»

«ወንዙስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ሐይቅ።»

ጋሼ ሳቀ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያዝን እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንድ የሚሊሻ ሰው ተቆጣው። «ምን ያስቅሃል አንተ ሰውዬ?»

«ወንድሜ፣ እግዚአብሔር መንገዱን ሠርቶ ጨርሷል እኮ! መውረጃው ውሃ፣ መውጫው ነፋስ! ካሳ! ሸራውን አውርድ!»

ከሰዓት በኋላውን ሠራን። ጋሼ ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አድርጎ ቀርከሃ በላያቸው አጋድሞ አሰራቸው። አንዱ ብቻውን ይገለበጣል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግን ጠረጴዛ ናቸው። መሃል ላይ ወፍራም ቀርከሃ አቆመ። የአይሱዙውን ሸራ አጥፎ፣ አናቱን በአግድም ቀርከሃ ላይ አስሮ ሰቀለው። ከታች ባሉት ሁለት ጫፎች ገመድ አወጣ። አቺና ጓደኞቹ የሚባሉትን ይሠራሉ፤ ግን ዓይናቸው ጥርጣሬ አለው። እኔም ውስጤ ጥርጣሬ ነበር።

ወደ ማታ ነፋሱ ሲነቃ ዳር ዳሩን እንሞክረው አለ። ጋሼ ከኋላ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ይመራል፤ አቺ ከፊት፤ ካሳና እኔ መሃል። ሰው ሁሉ ዳር ላይ ተሰልፎ ያያል። ጋሼ ከኋላ መቅዘፊያውን ሲያስተካክል ካሳ የሁለቱን ጫፍ ገመድ ይዞ ምን እንደሚያደርግ ዞር ብሎ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? ሸራ ነው፤ ገመድ ነው፤ ካሳ ነው። አጥብቆ፣ ጉልበቱን አስደግፎ፣ እንደ አይሱዙ አሰረው። ሸራው ከበሮ ሆነ።

ነፋሱ መጣ። ታንኳው ወደፊት ተፈናጠረ። ዳር ያለው ሰው ጮኸ። ቀጥሎ አንድ ጠንካራ ነፋስ መጣና ሸራውን ገፋ፤ ሸራው አይላላም፤ የታንኳዎቹ አፍንጫ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ውሃው በፊት በኩል ዘው አለ፤ ሁላችንም ወንዙ ውስጥ ነን። ጥልቅ አልነበረም፤ ወገብ ያህል ነው። ግን ኦሞ ነው፤ አዞ አለበት። ካሳ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ውሃው ላይ ሮጠ ብል ከእውነቱ ብዙ አልራቅሁም።

ዳር ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ሰው በሳቅ ወደቀ። ልጆቹ ሩጫውን እያስመሰሉ ያሳዩታል። ካሳ አለቀሰ ማለት ይቻላል። «አጥብቄ ነው ያሰርኩት! ማርያምን! እንደዚያ አጥብቄ አስሬ አላውቅም!»

ጋሼ ልብሱን እየጨመቀ አጠገቡ ተቀመጠ። አልተቆጣም።

«ጥፋቱ እሱ ነው፣ ካሴ። ጭነት መስሎህ ነው። አሁን ያሰርከው ጭነት አይደለም፤ ነፋስ ነው። ነፋስ አይታሰርም፤ ይያዛል።» የአሰቡን ሽማግሌ ነገር ያኔ ነው የነገረን። ሽማግሌው የሸራውን ገመድ ከመርከቡ ጋር አያስረውም ነበር። ራሱ በእጁ ይዞ ነው ባሕሩን የተሻገረው። ነፋሱ ሲበረታ ይለቅለታል፤ ሲደክም ይስብበታል። ጋሼ አዝኖለት «አባባ፣ ልሰርልዎት» ሲል ሽማግሌው በክርኑ ገፋው። «የሰው እጅ ያስፈልገዋል» አለ ጋሼ። «የሚሰማ እጅ። በጂንካ ካንተ የተሻለ እጅ የለም፤ ተነሥ።»

ካሳ ፊቱን ጠረገ። «አዞ ካለ ግን መጀመሪያ አንተን ነው የማስበላው» አለ። ተነሣ።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ ወረድን። ውሃው ልክ አቺ እንዳለው ወሰደን፤ መቅዘፊያ የሚያስፈልገው ለመምራት ብቻ ነው። የሚያስፈራው ፍጥነቱ ነበር። እያንዳንዱ የምናልፈው ዛፍ ተመልሰን ልናልፈው የሚገባን ዛፍ ነው። ጉብታው ጋ ስንደርስ ሰዎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ቆመዋል። ልጆች መሃል ላይ፣ ፍየሎች በእግራቸው ሥር። ውሃው ዳር ካለው ሰው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። የአቺ ሚስት አየችውና ልጇን አንሥታ ሰጠችው፤ በቃ።

ሕፃናትንና እናቶችን ጫንን። ነፋሱ ከሐይቁ ሽው ሽው ይላል። ጋሼ «ሸራ!» አለ። ካሳ ገመዶቹን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሸራው ሞላ። ጉብታውን ለቀቅን።

የሚቀጥለውን ቅጽበት እስክሞት አልረሳውም። ነፋሱ ወደ ላይ ይገፋናል፤ ውሃው ወደ ታች ይጎትተናል። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ከጎናችን ውሃው ውስጥ የቆመ አንድ ግራር ነበር። ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ግራሩ አይሄድም። እኛም አንሄድም። ውሃው በጎናችን እየጮኸ ያልፋል፤ እኛ አንድ ቦታ ቆመናል። አንዲት እናት ዓይኗን ጨፈነች። ጋሼ ሸራውን ብቻ ያያል። «ትንሽ ሳብ፣ ካሴ። ትንሽ። እንደዚያ።»

ግራሩ ወደ ኋላ ሄደ።

አንድ ክንድ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አለፍነው!

«ይሄዳል!» ብሎ ካሳ ጮኸ። «ጋሽ ጴጥሮስ፣ ሽቅብ ይሄዳል!»

«ገመዱን እይ! እኔን አትይ!»

ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ካሳ ለቀቀ። ሸራው እንደ ጥይት ጮኸና ተንጠለጠለ፤ ታንኳዎቹ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ነፋሱ ሲያልፍ መልሶ ሳበ። ከመዳፉ ደም ይወርዳል፤ እሱ ግን ይስቃል። ሴቶቹ መዝፈን ጀመሩ። ቋንቋውን አላውቀውም። ኦሞራቴ ያለው ሰው ከሩቅ መጀመሪያ የሰማው ዘፈኑን ነው፤ ሸራው የታየው ኋላ ነው። ዳር ስንደርስ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ልጆቹን ከእጃችን ተቀበለ። ያ የተቆጣው ሚሊሻ ጋሼን አቅፎ ከመሬት አነሣው።

ከዚያ በኋላ ማንም መለመን አላስፈለገም። ኦሞራቴ የቆሙት የጭነት መኪና ሹፌሮች በሙሉ ሸራቸውን አወረዱ። «ዝናብ ቢመጣስ?» ሲባል አንዱ «ይምጣ! እህሉ ይታጠባል!» አለ። የታንኳ ባለቤቶች ታንኳቸውን እየጎተቱ መጡ። ካሳ በጨርቅ በታሰረ እጁ ገመድ አያያዝ ሲያስተምር ዋለ። አንዱ ገመዱን ሊያስር ሲል «አይታሰርም! ስንቴ ልንገርህ? ይያዛል!» እያለ ይጮሃል። ትናንት የተማረውን የአያቱ ርስት አስመሰለው።

በማግሥቱ ብዙ ባለ ሸራ ታንኳ ወንዙን ወረደ። ሁሉም እየጫነ እየዘፈነ ወደ ላይ ተመለሰ። በመጨረሻ ጉብታው ላይ የቀሩት የአቺ አባትና ጥቂት ፍየሎች ነበሩ። ሽማግሌው ሎኮሪያ ይባላል። ረጅም ነው፤ አንድ ዓይኑ ጨልሟል። ውሃው ጉልበቱ ደርሷል። ነፋሱ ሊተኛ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ መሃል እየመጣች ነው። ጋሼ ፍየሎቹን ጭኖ ጉብታው ላይ ቆመና በእጁ «ይግቡ አባባ» አለ። ሽማግሌው አልገባም። ለልጁ አንድ ነገር ተናገረ።

«አንተ ቀድመህ ግባ ይላል» አለ አቺ። «ሰፈር ሲለቀቅ ትልቅ ሰው መጨረሻ ነው የሚወጣ። ሕግ ነው ይላል።»

«የኛም ሕግ ነው በለው። ባሕር ላይ የሚመራው ሰው የመጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳያልቅ አይነቃነቅም።»

አቺ ተረጎመ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ጋሼም ነቀነቀ። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ቆመው ተፋጠጡ። ካሳ ታንኳው ላይ ሆኖ ገመዱን እንደያዘ ያብዳል።

«ጋሽ ጴጥሮስ! ነፋሱ እየተኛ ነው! ሁለት መጨረሻ የለም! ዕጣ ጣሉ!»

ሽማግሌው ደግሞ ተናገረ። አሁን ቀስ ብሎ ነው። አቺ ወደ ጋሼ ዞረ።

«ይህ መሬት የኔ ነው ይላል። እኔ የዚህ መሬት ሰው ነኝ፤ አንተ የምን ነህ? ይጠይቃል።»

ጋሼ ወዲያ ወዲህ አየ። ውሃውን፣ ሸራውን፣ ካሳን፣ እኔን አየ። ባዶ የሆነውን ጉብታ አየ። ያ ጉብታ ትናንት ጠዋት በሰው የተሞላ ነበር።

«በለው» አለ። «መሬቱ የእርስዎ ነው። ከመሬቱ እርስዎ መጨረሻ ይልቀቁ። ጀልባው ግን የኔ ነው። ከጀልባው እኔ መጨረሻ እወርዳለሁ። እኔ ናኩዳ ነኝ በለው።»

አቺ ቃሉን አያውቀውም፤ ግን ሳይተረጉም እንዳለ ተናገረው። ሽማግሌው ሰማ። አንድ ዓይኑ ጋሼ ላይ ቆየ። ከዚያ ራሱን አጎነበሰ። ጋሼ ታንኳው ላይ ወጣ። ሽማግሌው ብቻውን ቀርቶ ጎንበስ አለ፤ እጁን ውሃው ውስጥ አግብቶ የመንደሩን መሬት ነካ። ከዚያ ገባ።

መውጣቱ እንደ በፊቱ አልነበረም። ነፋሱ እየደከመ ሄደ። ሸራው አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይተኛል። ሲተኛ ሁላችንም በመቅዘፊያ፣ በእጅ፣ ባገኘነው ሁሉ ቀዘፍን። ሽማግሌውም ቀዘፈ። ካሳ ነፋሱን ይለምናል፣ ይሰድባል፣ ያባብላል። «ና የኔ ጌታ፤ ና አንተ ሰነፍ!» ጋሼ ከኋላ ሆኖ በእርጋታ «ገና ነው፤ ገና አልተኛም» ይላል። የመጨረሻው ነፋስ መጥቶ ኦሞራቴ አፍንጫ ላይ አደረሰን። ከዚያ ሸራው ተንጠለጠለና ቀረ። ዳር ካለው ሕዝብ ገመድ ተወረወረልን፤ እልል እየተባለ ተጎተትን።

አቺ ዘሎ ወረደ። ካሳ ወረደና ጭቃው ላይ ተንጋለለ። እኔ ወረድኩ። ሽማግሌው በልጁ ተደግፎ በዝግታ ወረደ። ፍየሎቹ ወረዱ። አንዲት ነጭ ፍየል ግን እምቢ አለች። አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ጋሼ ከኋላ ገፋት፤ አልሄድም አለች። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ።

«ተሸክመሃት ውረድ!» አለ አንዱ።

«አይቻልም!» አለ ካሳ ከጭቃው ቀና ብሎ። «አብሯት ከወረደ መጨረሻ አይሆንም! ሕግ ነው!»

«ውረጂ እንጂ እመቤት!» ይላታል ጋሼ። «ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው! ራበኝ እኮ!»

ሽማግሌው ሎኮሪያ ከዳር ሆኖ አንድ ጊዜ አፏጨ። ፍየሏ ጆሮዋን አቆመችና ዘለለች። ሕዝቡ ጮኸ፤ ሴቶቹ ዘፈናቸውን ጀመሩ፤ ልጆች ወደ ውሃው ሮጡ። ጋሼ ግን ወዲያው አልወረደም። ዞሮ ሁለቱን ታንኳዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። ማንም አልነበረባቸውም።

ወረደ።